ልጃችን የሚቆፍራት ግብፅና ከእኛ ወገን የሄደው ከርቤ

እዚህ ዘወትር የምናወራው ስለ ሽልንግና ብር ምንዛሪ፣ ስለ ሞያሌ መንገድና ስለ ጉምሩክ ወረቀት ነው። ዛሬ ግን ስለ ጥንታዊት ግብፅ ልናወራችሁ ነው። አትሳቁብን፤ መነሻችን የልጃችን የኮምፒውተር ጨዋታ ቢሆንም መድረሻችን ያው ንግድ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጃችን ሱቅ ከእኛ ጋር ይውላል። ኢስሊ ያለችው ሱቃችን ጠባብ ናት። በአንድ በኩል የበርበሬና የሽሮ ጆንያ፣ በሌላ በኩል የሐበሻ ቀሚስና ነጠላ፣ ጥጉ ላይ ደግሞ የዕጣንና የከርቤ ከረጢት አለ። ልጁ ጆንያው ላይ ተቀምጦ፣ ከሉቱሊ አቬኑ በገዛንለት ያገለገለ ላፕቶፕ ይጫወታል። ጨዋታው “ዘ ሲምስ 3” ይባላል። ጦርነት የለበትም። ሰው ትፈጥራለህ፣ ቤት ትሠራለታለህ፣ ሥራ ይገባል፣ ይበላል፣ ይተኛል፣ የመብራትና የውሃ ዕዳ ይከፍላል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው “ወርልድ አድቬንቸርስ” የተባለው ተጨማሪ ክፍል ደግሞ ሰውየውን ወደ ቻይና፣ ወደ ፈረንሳይና ወደ ግብፅ ያስኬደዋል። የግብፇ ከተማ በጨዋታው ውስጥ “አል ሲምሃራ” ትባላለች። አሸዋ፣ ፒራሚድ፣ ስፊንክስ፣ ገበያ፣ ከመሬት በታችም ወጥመድ የሞላባቸው መቃብሮች አሏት።

እኛም ከትከሻው በላይ ሆነን ማየት ለመድን። ተጓዡ መጀመሪያ ሲሄድ የሚፈቀድለት ሦስት ቀን ብቻ ነው። ለነዋሪዎቹ ሥራ ሲሠራ የቪዛ ነጥብ ያገኛል፣ ቀኑም ይጨምርለታል። ቪዛ በትጋት ብቻ የሚገኝበት አገር መኖሩ በጣም አሳቀን። ከዚያ ሰውየው ወደ መቃብር ይወርዳል፤ ድንጋይ ይገፋል፣ ወጥመድ ያልፋል፣ ከሣጥን ውስጥ የሚነሣ የደረቀ አስከሬን ያባርረዋል። በመጨረሻም የጥንት ሳንቲምና ቅርሳ ቅርስ ይዞ ይወጣል።

አንድ ቀን ልጁ፣ “እማ፣ ዛሬ ብዙ አተረፍኩ” አለን።

“ምን ሸጠህ?”

“ከመቃብር ያወጣሁትን ዕቃ።”

“ከማን ገዛኸው?”

“ከማንም። አገኘሁት እኮ!”

ኮሜርስ የተማረ ሰው እንዲህ ያለ ሒሳብ ሲሰማ ይጨንቀዋል። ሽያጭ አለ፣ ግዢ የለም። ትርፍ አለ፣ ባለቤት የለም። “ጨዋታ ነው” ብለን እናልፈው ነበር። ግን በዚያው ሳምንት አንድ የምናውቃቸው ደላላ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ሱቃችን መጡ። ወደ እርሳቸው እንመለሳለን። መጀመሪያ ልጃችን የሚቆፍራት ግብፅ በእውነት እንዴት ትነግድ እንደነበር እንይ።

ሳንቲም ያልነበረው ገበያ

በጨዋታው ውስጥ ከመቃብር የጥንት ሳንቲም ይለቀማል። በእውነተኛዋ ግብፅ ግን እነዚያ ታላላቅ መቃብሮች በተሠሩበት ዘመን ሳንቲም አልነበረም። ነጋዴው ዋጋ የሚያሰላው “ደበን” በተባለ ሚዛን ነበር። አንድ ደበን 91 ግራም ያህል ነው። አህያ ይህን ያህል ደበን መዳብ፣ ልብስ ይህን ያህል ደበን መዳብ ይባላል እንጂ መዳቡ ራሱ የግድ ከእጅ ወደ እጅ አይሄድም። አንዱ እህል፣ ሌላው ዘይት፣ ሦስተኛው ቅርጫት ያመጣና ድምሩ እኩል ሲሆን ገበያው ይዘጋል። እኛም ሞያሌ ላይ ጥሬ ገንዘብ ሲጠፋ ዕቃ በዕቃ ስንለዋወጥ የምናደርገው ይኸው ነው፤ ዋጋውን በብር እናስባለን፣ ብሩ ግን አይታይም።

የነገሥታቱን መቃብር የሚጠርቡት ሠራተኞች ዛሬ ዴር ኤል-መዲና በሚባለው መንደር ይኖሩ ነበር። ደሞዛቸው እህል ነው፤ ለአንድ ተራ ሠራተኛ በወር አምስት ከረጢት ተኩል፣ አራቱ ስንዴ፣ ቀሪው ገብስ። በ3ኛው ራምሴስ 29ኛ የንግሥና ዓመት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 1157 ዓመት ገደማ፣ ደሞዙ ሲዘገይባቸው መሣሪያቸውን ጥለው ወጡና ከቤተ መቅደሶቹ አጠገብ ተቀመጡ። በጽሑፍ ተመዝግቦ የተገኘ የመጀመሪያው የሥራ ማቆም አድማ ይህ ነው። ይህን ሁሉ የምናውቀው ስለ ጻፉት ነው። በፓፒረስ ላይ፣ ፓፒረስ ሲወደድባቸውም በሸክላ ስባሪ ላይ፣ ማን ምን ያህል እንደ ተቀበለ፣ ማን ዕዳ እንዳለበት፣ ማን በምን ምክንያት ከሥራ እንደ ቀረ ሳይቀር ጽፈዋል።

ስለዚህ መቃብር ውስጥ ያለው ዕቃ ባለቤት የሌለው አልነበረም። የሠራው ሰው ደሞዝ ተቀብሎበታል፣ ጸሐፊ መዝግቦታል፣ ሟቹም ለዘላለም የእኔ ነው ብሎ አስቀምጦታል።

ከርቤው ከየት መጣ?

አሁን ወደ እኛ ጥግ፣ ወደ ዕጣንና ከርቤው ከረጢት እንምጣ። ግብፃውያን ያለ ዕጣንና ከርቤ አያመልኩም ነበር። በቤተ መቅደስ ያጥናሉ፣ ሽቶ ይቀምማሉ፣ አስከሬን ሲያዘጋጁም ይጠቀሙበታል። ዛፉ ግን በአገራቸው አይበቅልም። የሚያመጡት “ፑንት” ከሚሏት አገር ነበር።

ፑንት የት ነበረች? አብዛኞቹ ተመራማሪዎች የሚያመለክቱት ወደ ደቡባዊ ቀይ ባሕር ዙሪያ ነው፤ ምሥራቃዊ ሱዳን፣ ኤርትራ፣ ሰሜን ኢትዮጵያ፣ የሶማሌ ጠረፍ። ከባሕሩ ማዶ ያለውን የዓረብ ምድር የሚጨምሩም አሉ። ከግብፅ መቃብር የተገኙ የዝንጀሮ አስከሬኖች ጥርስና አጥንት ተመርምሮ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ጥናትም ወደ እነዚሁ የአፍሪካ ቀንድ አገሮች ጠቁሟል። “ፑንት የዛሬዋ ኢትዮጵያ ናት” ብለን አንፎክርም፤ የዛሬው ድንበር ያኔ አልነበረም። ግን ዕጣኑና ከርቤው ዛሬም ከዚሁ ከእኛ ቀጠና ይለቀማል፤ ከሱቃችን ጥግ ያለውም ከረጢት የመጣው ከዚያው ነው።

የጉዞውን ታሪክ ስናነብ የመንገድ ጓደኛ ያገኘን መሰለን። ከአራት ሺህ አራት መቶ ዓመት በላይ በሚሆነው በፈርዖን ሳሁሬ ዘመን፣ 80,000 መስፈሪያ ከርቤ ከፑንት መግባቱ በድንጋይ ላይ ተጽፏል። ከአራት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ደግሞ ሄኔኑ የተባለ ሹም 3,000 ሰው ይዞ ከዓባይ ወደ ቀይ ባሕር በረሃውን አቋረጠ፤ ከዚያም ወደ ፑንት መርከብ ላከ። በዋዲ ሐማማት ዐለት ላይ ያስቀረጸው ጽሑፍ ስንቁን ይቆጥራል። ለእያንዳንዱ ሰው በቀን ሁለት ማሰሮ ውሃና ሃያ ዳቦ፣ ለአህዮቹ ደግሞ ጭነታቸው ጫማ ነበር፤ የመንገደኛው ጫማ ሲያልቅ የሚተካ። ይህን ያነበብን ጊዜ፣ ይህ ሰው መንገድ ያውቃል አልን። ከማርሳቢት እስከ ሞያሌ አስፋልት ሳይገባ በፊት በዚያ አቧራ የተመላለሰ ሁሉ፣ ትርፍ ጎማ ያልያዘ ሹፌር ምን እንደሚደርስበት ያውቃልና።

ከቀይ ባሕር ዳር፣ መርሳ ጋዋሲስ በተባለ ቦታ፣ ካትሪን ባርድና ሮዶልፎ ፋቶቪች የመሩት ቡድን የዚህን ንግድ ወደብ ቆፍሮ አግኝቷል። ሁለቱ አክሱም ውስጥ በቤተ ጊዮርጊስ ኮረብታም ለዓመታት የቆፈሩ ሰዎች ናቸው። በወደቡ ዋሻ ውስጥ ገመዱ እንደ ተጠቀለለ፣ ትናንት የተቀመጠ ይመስል፣ ተገኘ። የመርከብ ሳንቃና የጭነት ሣጥንም ነበር፤ ሣጥኑ ላይ የፑንት ስም ተጽፎበታል። መርከቦቹ ዓባይ ዳር ይሠሩና ተፈታተው በበረሃው በኩል ይጓጓዛሉ፣ ባሕሩ ዳር እንደገና ይገጣጠማሉ። ሞያሌ ላይ ከኢትዮጵያው መኪና አውርዶ ወደ ኬንያው መኪና የሚጭን ነጋዴ ይህን ድካም ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል።

ከሁሉ የታወቀው ግን የንግሥት ሐትሼፕሱት ጉዞ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1479 እስከ 1458 ገደማ የነገሠች ሴት ናት። በዘጠነኛ ዓመቷ ወደ ፑንት ሰው ላከች፤ ታሪኩንም በሉክሶር ማዶ በዴር ኤል-ባሕሪ ቤተ መቅደሷ ግድግዳ ላይ አስቀረጸችው። አምስት መርከቦች ይታያሉ። የፑንት ሹም ፓራሁና ሚስቱ አቲ እንግዶቹን ሊቀበሉ ይወጣሉ። ቤቶቻቸው በእንጨት ምሰሶ ላይ ከፍ ብለው የተሠሩና በመሰላል የሚወጣባቸው ናቸው። ግብፃውያኑ ጨሌ፣ አምባር፣ መጥረቢያና ጩቤ ዘርግተዋል። ከፑንት ወገን ወርቅ፣ ዞጲ፣ የዝሆን ጥርስ፣ የነብር ቆዳ፣ ዝንጀሮና ከርቤ ይጫናል፤ 31 የከርቤ ዛፎችም ከነሥራቸው በቅርጫት ሆነው። አገር ቤት ሲደርስ ደግሞ ከርቤው በክምር ሆኖ በቁና ይሰፈራል፣ ወርቁ በሚዛን ይመዘናል፣ ከጎን የጸሐፍት አምላክ የሚባለው ቶት ቆሞ ይመዘግባል። አምላካቸውን እንኳ ሒሳብ ያዥ አድርገውታል!

እዚህ ላይ ቆም ብለን አሰብን። ከግድግዳው ጽሑፍ ላይ ከፑንት የመጣው ዕቃ እንደ ግብር ተቆጥሯል። ሥዕሉ ግን ሁለት ወገን ዕቃ ዘርግቶ ያሳያል። ፓራሁ ቢጽፍ ኖሮ ምን ብሎ ይጽፍ ነበር? “ዛሬ ከሰሜን ደንበኞች መጡ፤ ይህን ያህል ከርቤ ሰጠን፣ ይህን ያህል መጥረቢያ ተቀበልን” ይል ይሆናል። ግን ከእርሱ ወገን አንድም ቃል አልደረሰንም። ለሺህ ዓመት በላይ የቆየውን ንግድ የምናውቀው ከገዢው መዝገብ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ፑንት የት እንደነበረች እስከ ዛሬ የሚከራከሩባት፤ ለዚህም ይመስለናል በልጃችን አል ሲምሃራ ገበያ ውስጥ እስካየነው ድረስ አንድም የፑንት ነጋዴ የሌለው። መዝገብ የሌለው ሻጭ መጀመሪያ ከሒሳቡ፣ ቀጥሎ ከታሪኩ ይወጣል።

ሃያ ደበን ወርቅ ጉቦ

ልጃችን በጨዋታው የሚያደርገውን ጥንት ግብፃውያኑ ራሳቸው አድርገውታል፤ ያውም ተይዘው ተጠይቀውበታል። በ9ኛው ራምሴስ 16ኛ ዓመት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 1110 ዓመት ገደማ፣ አመንፓኑፈር የተባለ ድንጋይ ጠራቢ ቃሉን ሰጠ። ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ የንጉሥ ሶቤከምሳፍን መቃብር ሰብረው ገቡ፤ 160 ደበን ወርቅ አወጡ፤ ለስምንት ተካፍለው ለእያንዳንዱ 20 ደበን፣ ማለት ወደ ሁለት ኪሎ የሚጠጋ፣ ደረሰው። ከዚያ ይያዛል። ምን አደረገ? ድርሻውን 20 ደበን ለወደቡ ጸሐፊ ሰጠና ተለቀቀ። ጓደኞቹም ከየድርሻቸው አዋጥተው ካሡት።

ይህን ለልጃችን ስናነብለት፣ “ያኔም ወደብ ላይ ጉቦ ነበር?” አለ። ምን እንመልስለት! ሦስት ሺህ ዓመት አልፎታል አልነው።

የሚገርመው ግን ይህ ነው፤ ያ የምርመራ ቃል የተጻፈበት ፓፒረስ ራሱ ለሁለት ተከፍሎ ተለያይቷል። የላይኛው ግማሽ ብራሰልስ፣ የታችኛው ኒው ዮርክ ይገኛል።

በጨርቅ የተጠቀለለው ዕቃ

አሁን ወደ ደላላው እንመለስ። እኚህ ሰው ከእኛ ጋር ለብዙ ዓመት ዕቃ ተቀባብለዋል፤ ክፉ ሰው አይደሉም። ጨርቁን ሲፈቱት የብራና መጽሐፍ ነው። ሽፋኑ እንጨት፣ ጥራዙ የላላ፣ ዳር ዳሩን ጢስ ያጠቆረው። “እህቴ፣ እዚሁ ናይሮቢ አንድ የውጭ ዜጋ ይፈልገዋል። እኔ እንግሊዝኛው አይሆንልኝም። እናንተ አገናኙኝና ድርሻችሁን ውሰዱ” አሉ። ድርሻው የሦስት ወር የሱቅ ኪራይ ይሆናል። የዚያን ወር ኪራይ ገና አልከፈልንም ነበር።

እውነቱን እንናገር፤ ወዲያው “አይሆንም” አላልንም። “እስቲ እንየው” አልን። ገጹን ስናገላብጥ ጸሎት ነው። መጨረሻው ላይ ግን ከጸሎቱ የተለየ፣ ደቀቅ ያለ ጽሕፈት አገኘን። የሰዎች ስም ተደርድሯል። እገሌ ለእገሌ መሬት እንደ ሸጠ፣ እነማን ምስክር እንደ ነበሩ ይላል። አባቶቻችን የመሬት ሽያጭና ስጦታን በቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ መጻፋቸው የታወቀ ነው፤ የሚፈራ መጽሐፍ ላይ የተጻፈ ውል አይፋቅምና። እንግዲህ እኛ ሱቅ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው የጸሎት መጽሐፍ ብቻ አልነበረም። የአንድ መንደር መዝገብ ነበር። ፓራሁ ያልነበረው መዝገብ።

ማታ ቤት ገብተን ተነጋገርን። ሕጉን እናውቃለን፤ በኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ይከለክላል፣ ኬንያም እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ የራሷ የቅርስ ሕግ አላት። እውነት ለመናገር ግን ያን ሌሊት ያስቸገረን ሕጉ ሳይሆን ኪራዩ ነበር። መቅደላ በ1868 እ.ኤ.አ. ሲዘረፍ እንግሊዞች ብራናውን በዝሆንና በበቅሎ ጭነው መሄዳቸውን እያነሣን ስንናደድ ኖረናል። የአክሱም ሐውልት እ.ኤ.አ. በ2005 ከሮም ሲመለስ እልል ብለናል። ጎረቤቶቻችን የጠረፍ ሚጂኬንዳዎችም ለሟች አባቶቻቸው የሚያቆሙት ቪጋንጎ የተባለ የተቀረጸ እንጨት ከየቆመበት ተሰርቆ አሜሪካ ሙዚየም ውስጥ ሲገኝ አዝነናል። እነዚያን ሁሉ ግን የወሰደው ሌላ ነው። አሁን ተራው የእኛ ሲሆን በማን እንናደዳለን?

ጠዋት ደላላውን “ይቅርታ ጋሼ፣ አንችልም። ከወጣበት ደብር ይመለስ” አልናቸው። አልተቆጡም። “እናንተ ባትሸጡት ሌላ ይሸጠዋል” ብለው በጨርቁ ጠቅልለው ወጡ። መጽሐፉ የት እንደ ደረሰ አናውቅም።

እስከ ዛሬ የሚቆጨን ግን ሌላ ነው። እኛ የአንድ ኪሎ በርበሬ ዱቤ የምንጽፍ ሰዎች፣ የደብሩን ስም ሳንጽፍ ቀረን። ገጹ ላይ ነበረ፤ አይተነዋል። ፎቶ አላነሣንም፣ ስልክ ኪሳችን ውስጥ ነበር። ያን ብናደርግ ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንም ሆነ እዚሁ ናይሮቢ ላለው ኤምባሲ የምንናገረው ነገር ይኖረን ነበር። እምቢ ማለት ግማሽ ሥራ ብቻ መሆኑን የተረዳነው ዘግይተን ነው።

ስለዚህ ወንድሞችና እህቶች፣ ይህን መስመር የምትመላለሱ ሁሉ፣ እንዲህ ያለ ዕቃ ጠረጴዛችሁ ላይ ሲቀመጥ አትሽጡ፤ ግን ዝም ብላችሁም አትሸኙት። የቦታውን ስም ጻፉ። ምስል አንሡ። ለሚመለከተው አካል ንገሩ።

ልጃችን ጨዋታውን አልተወም፤ እኛም አልከለከልነውም። አሁንም አል ሲምሃራ ይወርዳል፣ አሁንም ሣጥን ይከፍታል። ባለፈው ቅዳሜ ግን ቡና ልናፈላ ከጥጉ ከረጢት ዕጣን ስንዘግን ቀና ብሎ፣ “እማ፣ ይሄኛው ደረሰኝ አለው?” አለን።

አለው አልነው። መሳቢያውን ከፍተን አሳየነው፤ የሻጩ ስም፣ ኪሎው፣ ዋጋው፣ ሞያሌ የተከፈለው ቀረጥ። ወረቀቱን አገላብጦ ካየ በኋላ፣ “አትጣሉት እሺ” ብሎ መለሰልን።

አንጥለውም።